የስኳር ሞራና አልዶዝ ሬዳክቴዝ፦ ለውሻ የተሠራው ጠብታ ለሰው ይሆናል ወይ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ከተገኘበት ስምንት ወር ሆኖታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቹ ጭጋግ ለበሱበት፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። የስኳር ሞራ ነው ተባልን። እናታችን 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት አሥር ዓመት አልፏታል፤ የእሷም ዓይን ቀስ እያለ እየደከመ ነው። ሞራውን የሚያመጣው አልዶዝ ሬዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ እሱን የሚያግድ ጠብታም ለውሾች ተሠርቷል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ከውጭ ባስመጣው ይሠራል? ስኳሩ ሲወርድስ ሞራው ይለቃል?»

ስለ ኢንዛይሙ ያነበቡት እውነት ነው። ጠብታው ግን ለወንድምዎ አይሆንም፤ እሱን ፍለጋ የሚያልፈው ጊዜም ይጎዳዋል። የወንድምዎ ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር የሚቀጠር ሳይሆን በዚህ ሳምንት የሚታይ ነው። የእናትዎ ሞራ ደግሞ ስሙ ይመሳሰል እንጂ አመጣጡ የተለየ ነው። ለምን እንደሆነ የሚገባው ኢንዛይሙ ምን እንደሚሠራ ሲታወቅ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ሞራ ማለት የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። ሌንሱ ከዓይን ብሌን በስተኋላ የተቀመጠ፣ ስፋቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጥርት ያለ አካል ነው። ሲሶው ፕሮቲን፣ የቀረው ውሃ ነው። የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከፊቱ ካለው የዓይን ፈሳሽ ነው፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ የደሙን ስኳር ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዋናው ነገር፣ ስኳር ወደ ሌንስ ለመግባት ኢንሱሊን አያስፈልገውም። ጡንቻ ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳር መቀበሉን ይቀንሳል፤ ሌንስ ግን መከልከያ የለውም። በደም ውስጥ 400 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካለ፣ ሌንሱም በዚያው ልክ ይጥለቀለቃል።

በጤናማ ሰው ሌንስ ውስጥ የገባውን ስኳር የሚቀበለው ሄክሶካይኔዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ስኳር በጣም ጥቂት በሆነበት ሁኔታ እንኳ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ ስለዚህ ስኳር ሲበዛ የሚጨምረው ትርፍ አቅም የለውም። አልዶዝ ሬዳክቴዝ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለግሉኮስ ያለው ፍላጎት ደካማ ነው፤ እሱን ለማሠራት የሚያስፈልገው የስኳር መጠን ሄክሶካይኔዝ ከሚፈልገው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ደም ውስጥ 90 እና 100 ሲሆን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። 300 እና 400 ሲሆን ግን ሄክሶካይኔዝ ያልደረሰበትን ትርፍ ስኳር እሱ ማንሳት ይጀምራል። በላቦራቶሪ ሙከራዎች እንደታየው፣ ስኳር ልኩን በጠበቀበት ጊዜ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም፤ ስኳሩ በጣም ሲያሻቅብ ወደ ሲሶው ይጠጋል።

ኢንዛይሙ ግሉኮስን ወደ ሶርቢቶል ይቀይረዋል። ሌላ ኢንዛይም፣ ሶርቢቶል ዲሃይድሮጅኔዝ፣ ሶርቢቶልን ወደ ፍሩክቶስ ይለውጠዋል፤ ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ደረጃ ዝግተኛ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ሶርቢቶል የሕዋስ ሽፋንን በቀላሉ አያልፍም። ከተሠራበት ሕዋስ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲከማች ውሃ ይስባል፤ የሌንሱ ክሮችም ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ያብጣሉ። በመጀመሪያ በሌንሱ ዳር፣ ከሽፋኑ ሥር፣ ጥቃቅን የውሃ ከረጢቶች ይታያሉ። ከዚያ የሕዋሱ ሽፋን መፍሰስ ይጀምራል፦ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሶዲየም ይገባል፣ አሚኖ አሲዶች ያመልጣሉ። በመጨረሻ ክሪስታሊን የሚባሉት ፕሮቲኖች ተርታቸውን ይለቁና ይጓጉላሉ። ብርሃን ሳይበተን ያልፍ የነበረው እነሱ ተስተካክለው በመደርደራቸው ስለሆነ፣ የተጓጎለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛም ጉዳት አለ፤ ብዙ ጽሑፎች ይዘሉታል፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው የማያንስ ይመስለኛል። አልዶዝ ሬዳክቴዝ በሠራ ቁጥር ኤንኤዲፒኤች የሚባለውን ግብዓት ይጠቀማል። ያው ግብዓት ነው ግሉታታዮንን የሚያድሰው፤ ግሉታታዮን ደግሞ ሌንሱን ከኦክሳይድ ጉዳት የሚጠብቅ ዋና መከላከያው ነው። ኢንዛይሙ ስኳር ሲያነሳ ሲውል መከላከያው ይሳሳል። ኢንዛይሙ በብዛት የሚገኘው በሌንሱ የፊት ሽፋን ሕዋሳትና በውጨኛዎቹ ክሮች ውስጥ በመሆኑ፣ የስኳር ሞራ ከመሐል ሳይሆን ከሽፋኑ ሥር የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ይህ እውቀት የተሰባሰበው ቀስ በቀስ ነው። ቤልጂጋዊው ተመራማሪ ኸርስ እ.ኤ.አ. በ1956 ግሉኮስ ወደ ሶርቢቶል የሚቀየርበትን መንገድ በበግ የዘር ከረጢት ውስጥ አገኘ። ተመራማሪዋ ሩት ቫን ሄይኒንገን በ1959 ስኳር በታመሙ ትልልቅ አይጦች ሌንስ ውስጥ ሶርቢቶል መከማቸቱን አሳየች። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ጂን ኪኖሺታ ነገሩን ከውሃ መሳብ ጋር አያይዞ አብራራው። በ1995 ደግሞ ጥያቄውን የሚቆርጥ ሙከራ ታተመ። ትንንሾቹ የላቦራቶሪ አይጦች፣ ማውስ የሚባሉት፣ በሌንሳቸው ውስጥ ይህ ኢንዛይም በጣም ጥቂት ስለሆነ ስኳር ቢታመሙም ሞራ አይዛቸውም ነበር። ተመራማሪዎች የኢንዛይሙን ዘረ መል በሌንሳቸው ውስጥ ሲጨምሩላቸው፣ ስኳር በታመሙ ጊዜ ሞራ አወጡ። ሶርቢቶልን የሚያስወግደው ሁለተኛው ኢንዛይም የጎደላቸው ደግሞ ባሰባቸው።

እርስዎ ያነበቡት የውሻ ነገርም ከዚህ ይመጣል። በውሻ ሌንስ ውስጥ ኢንዛይሙ ብዙ ነው፤ ስኳር የታመሙ ውሾች አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሞራ ያወጣሉ። ኢንዛይሙን የሚያግድ ጠብታ የተሞከረው ለዚህ ነው፤ በሙከራው የሞራውን መባባስ አዘግይቷል። የተጓጎለን ሌንስ ግን መልሶ አላጠራም፤ ሊያጠራም አይችልም፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙን ማገድ ማለት ገና የሚሠራውን ሶርቢቶል ማስቆም እንጂ የተበላሸ ፕሮቲንን መጠገን አይደለም። በሰው ሌንስ ውስጥ ያለው የኢንዛይሙ ኃይል ከውሻና ከትልቁ አይጥ ያነሰ ነው። ስለዚህ በውሻ ላይ የሠራ ነገር በሰው ላይ በዚያው ልክ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይሆንም።

በሰው ላይም አልተሞከረም አይባልም። ኢንዛይሙን የሚያግደው ሶርቢኒል የተባለው መድኃኒት ለሬቲና፣ ማለትም ብርሃን ለሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል፣ በሰፊው ተሞክሮ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም ጉልህ ጥቅም አላሳየም፤ ከወሰዱት ውስጥ ጥቂት የማይባሉትም ከባድ የአለርጂ ምላሽ አሳይተዋል። ሌላው አጋጅ ቶልሬስታት በጉበት ጉዳት ምክንያት በ1996 ከገበያ ወጣ። ኢፓልሬስታት በጃፓን ከ1992 ጀምሮ በ50 ሚሊ ግራም ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን በስኳር ለተጎዳ ነርቭ ነው፣ ለሞራ አይደለም። ኢንዛይሙ ደግሞ ያለ ሥራ የተፈጠረ አይደለም፦ በኩላሊት ውስጥ ሕዋሳት የጨውን ጫና እንዲቋቋሙ ሶርቢቶል ይሠራል፤ ቅባት ሲበላሽ የሚፈጠሩ መርዛማ አልዴሃይዶችንም ያመክናል። እሱን ሙሉ በሙሉ ማገድ ዋጋ ያስከፍላል። ለእንስሳ የተዘጋጀ ጠብታ በሰው ዓይን ላይ መሞከር በፍጹም አይገባም።

ከዚሁ ጋር የሚነሱ ሌሎች ወሬዎች አሉ። ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲንና እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ኢንዛይሙን ያግዳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሁለቱም ከአንጀት ወደ ደም በጥቂቱ ነው የሚገቡት፤ በወጥ ውስጥ የሚበላው መጠን ሌንስ ደርሶ ሞራ ያስቆማል ማለት አይቻልም። «ለስኳር ሕመምተኛ» ተብለው በሚሸጡ ከረሜላዎች ውስጥ ያለው ሶርቢቶል ሞራ ያመጣል የሚሉም አሉ፤ አያመጣም። ሌንሱን የሚጎዳው እዚያው ውስጥ የተሠራው ሶርቢቶል ነው፤ የተበላው ብዙው አንጀት ውስጥ ይቀራል፣ ሲበዛም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ወተትም ለአዋቂ በዚህ በኩል ችግር የለውም። ወተት ውስጥ ያለው ጋላክቶስ ለኢንዛይሙ ከግሉኮስ የተመቸ ነው፤ ከእሱ የሚሠራው ጋላክቲቶል ደግሞ ጭራሽ የሚወገድበት መንገድ የለውም። ጤነኛ ሰው ግን ጋላክቶሱን ሌንስ ሳይደርስ ጉበቱ ይጨርሰዋል። ይህን ማድረግ የማይችሉ ጥቂት ሕፃናት ይወለዳሉ፤ እናም አዲስ የተወለደ ልጅ ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ፣ በተለይ ካስመለሰውና ቢጫ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። እነዚህ ልጆች ከወተት ከተከለከሉ ሞራው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሊጠራ ይችላል።

አሁን ወደ ወንድምዎ። በወጣት ላይ፣ በሁለቱም ዓይን፣ በሳምንታት ውስጥ የወጣ ሞራ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ስኳሩ ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ ቆይቷል። እዚህ ላይ ነው ኢንዛይሙ ዋናውን ድርሻ የሚወስደው። በመብራት ማጉያ ሲታይ ከሽፋኑ ሥር የተበተነ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ይታያል። ስለዚህ ከዓይኑ በፊት ሰውየው ይታይ። የሚያስመልሰው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ትንፋሹ የሚፈጥንና የበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ሽንቱ ውስጥ ኬቶን (ሰውነት ኢንሱሊን አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ነገር) ከተገኘ፣ የዓይን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ፣ በዚህ ሳምንት የጾም ስኳር፣ ኤዋንሲ የሚባለውን የሦስት ወር አማካይ፣ የሽንት ምርመራና የኩላሊት ምርመራ ያሠራ።

ኢንሱሊን እየወሰደ ስኳሩ ለምን ከፍ እንዳለ መጠየቅም ግድ ነው። ሁልጊዜ መጠኑ አንሶ አይደለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይገባም፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ውሃ በያዘ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል። መስኮት ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ የዋለ ብልቃጥ አይታመንም። ደመናማው ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ አሥር ጊዜ ያህል ሲንከባለል እኩል ነጭ መሆን አለበት፤ ፍርፋሪ ከታየበት ወይም ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ተበላሽቷል። ጥርት ያለው ደግሞ ከደፈረሰ ተበላሽቷል። የሚወጋበትን ቦታ በእጅዎ ዳሰው ይዩለት፦ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ ከቆዳው ሥር የሚደድር እብጠት ይፈጠራል፤ እዚያ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚገባው እንደ ዕድል ነው። በየቀኑ ቦታ መቀያየር አለበት።

ስኳሩ ይውረድ ሲባል በአንድ ሳምንት ይናድ ማለት አይደለም። ኤዋንሲው 13 የነበረ ሰው በሁለት ወር 7 ላይ ቢያርፍ፣ የሚያቃጥል የነርቭ ሕመም ሊነሳበት፣ የተጎዳ ሬቲና ካለውም ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። አወራረዱን የሚያስተካክለው የስኳር ሐኪሙ ነው። ሞራው ገና በውሃ ከረጢት ደረጃ ላይ ከሆነ፣ ስኳሩ ሲስተካከል አንዳንድ ጊዜ ሲጠራ ይታያል፤ ስለዚህ ቀለል ላለ ሞራ ጥቂት ሳምንታት መታገስ ምክንያታዊ ነው። ከነጣ ግን አይመለስም፤ መጠበቁም ትርፍ የለውም። እንዲያውም ውሃ ስቦ ያበጠ ሌንስ የዓይኑን የፈሳሽ መውጫ ሊዘጋ ይችላል። ዓይኑ ከቀላ፣ ከባድ ሕመም ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ብርሃን ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየው፣ የዓይን ግፊቱ ስለወጣ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይወሰድ።

በዚህ መሐል ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው መነጽር ላይ ነው። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ ሌንሱ ውሃ ይወስዳል፣ ይለቃል፤ የማየት ልኩም አብሮ ይለዋወጣል። ስኳር ሲያሻቅብ ሰው የሩቁን ማየት ይቸገራል። ኢንሱሊን ጀምሮ ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ የቅርቡ ይደበዝዝበታል፤ ይህ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ብዙዎችም «ኢንሱሊኑ ዓይኔን አጠፋው» ብለው መርፌውን ያቆማሉ። አላጠፋውም፤ ሌንሱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እየተመለሰ ነው። አዲስ መነጽር የሚለካው ስኳሩ ከተረጋጋ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

ብዥታው ከልክ መቀየር ይሁን ከሞራ ለመለየት ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። ጠንከር ያለ ካርቶን በመርፌ ይብሱ፤ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይብለጥ። አንዱን ዓይን ሸፍኖ፣ በሌላው ዓይን በቀዳዳው በኩል ሩቅ ያለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ከመንገድ ማዶ ያለ የሱቅ ታፔላ፣ ይመልከት። በቀዳዳው ሲያይ ጎልቶ ከጠራለት ብዥታው ቢያንስ በከፊል የመነጽር ጉዳይ ነው። ካልተሻሻለ ወይም ከባሰበት ሞራ ወይም የሬቲና ችግር ሊሆን ይችላል። ይህ ሙከራ ሐኪምን አይተካም፤ መነጽር ለመግዛት ከመቸኮል ግን ያድናል።

ለምርመራው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣት ይኖርባችኋል። ደሴ ላይ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለታል፤ እስኪሠራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ይወጋል። ስለዚህ ባጃጅ ወይም ሞተር እየነዳ አይመጣ፤ ቀን ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የፀሐይ መነጽር ወይም ሰፊ ባርኔጣ ይያዝ፤ አንድ ሰው አብሮት ይሁን። ሞራው ወፍሮ ሬቲናው ካልታየ በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፤ ይህን ጠይቁ።

ቀዶ ሕክምና የሚወሰነው ሞራው «እስኪበስል» ተጠብቆ አይደለም። ማየቱ የዕለት ሥራውን ሲያስተጓጉል፣ ወይም ሐኪሙ ሬቲናውን ማየት ሲሳነው ነው። በሰፊው የሚሠራው መንገድ ከነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቁርጥ ከፍቶ፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ፣ በሽፋኑ ውስጥ የፕላስቲክ ሌንስ ማስቀመጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል። መሣሪያው ባለበት ቦታ ደግሞ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በትንሽ ቀዳዳ የመምጠጥ ዘዴ አለ፤ የወጣት ሌንስ ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። የሚገባው ሌንስ ቁጥር አስቀድሞ ይለካል፤ የዓይኑ ርዝመትና የፊት ሽፋኑ ጉብታ ይለኩ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሳይለካ በአማካይ ቁጥር የገባ ሌንስ በኋላ ወፍራም መነጽር ያስፈልገዋል። ወንድምዎ ከአሁኑ ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ የፕላስቲኩ ሌንስ እንደ ተፈጥሮው አይተጣጠፍም፤ ሩቁ ቢጠራለትም በ22 ዓመቱ ለማንበብ መነጽር ያስፈልገዋል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ወጣት ቀዶው የተበላሸ ይመስለዋል።

ለቀዶው ቀን አብዛኞቹ ማዕከላት ስኳሩ ከ200 ወይም ከ250 በላይ ከሆነ ያራዝማሉ፤ ቁስል እንዳያመረቅዝ ነው። የጠዋቱን ኢንሱሊን ምን ያህል እንደሚወስድና ቁርስ መብላት አለመብላቱን ከሐኪሙ በጽሑፍ ይቀበሉ። ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ ሰልፍ ላይ መዋል ስኳሩን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርደው ይችላል፤ ከረሜላ በኪሱ ይኑር። ከቀዶው በኋላ ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ ጠብታና የፀረ ተዋሲያን ጠብታ ይታዘዛሉ፤ ስቴሮይዱ በየጊዜው እየተቀነሰ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሄዳል። ጠብታ ከማድረግ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት አይንካ፤ በሁለት ጠብታዎች መካከል አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ማየቱ ከቀነሰ ወይም መግል ከታየ ነገ አይባልም። ከወራት በኋላ እይታው እንደገና ቢጋረድ ሞራው ተመልሶ አይደለም፤ የቀረው የኋላ ሽፋን ደፍርሶ ነው፤ በወጣቶች ላይ ይበዛል፣ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

የእናትዎ ሞራ ለአሥር ዓመታት ሲከማች የኖረ ጉዳት ነው። በ61 ዓመት ላይ ዕድሜ፣ ስኳር ከፕሮቲን ጋር ያለ ኢንዛይም መጣበቁ፣ የኦክሳይድ ጉዳትና አልዶዝ ሬዳክቴዝ ሁሉም ተደራርበው ይሠራሉ፤ ኢንዛይሙ ብቻውን ተጠያቂ አይሆንም። ስለዚህ በሳምንታት ሳይሆን በዓመታት ነው የሚገፋው፤ ስኳሩ ቢወርድም አይለቅም፣ ግስጋሴው ግን ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ሰፊ የእንግሊዝ ጥናት፣ ኤዋንሲ በአንድ ነጥብ ዝቅ ባለ ቁጥር ለሞራ ቀዶ የመድረስ ዕድል ከመቶ 19 እጅ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለእናትዎ የማሳስበው ግን ከሞራው ይልቅ ሬቲናቸው ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሬቲና በየዓመቱ መታየት አለበት። ሬቲናው ተጎድቶ ሳለ ሞራው ብቻ ቢወጣ፣ ቀዶው ተሳክቶም እይታው ላይመለስ ይችላል፤ ማኩላ የሚባለው የሬቲናው መሐልም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከቀዶ በፊት መታከም ያለበት መጀመሪያ ይታከም።

እናትዎ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመሩ የሚጠጡ ከሆነ፣ አንድ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ በአንድ መቀመጫ ብቻ 24 ግራም ስኳር ነው፤ ያለ ስኳር ወይም እንደ ወሎ ልማድ በጨው ይጠጡት፣ የደም ግፊት ካለባቸው ግን ጨውም ይቅር። ሮመዳንም ሆነ ሁዳዴ የሚጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ይስተካከል። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ሊያወርድ ይችላል፤ መድኃኒትን አይተካም፣ ከኢንሱሊን ጋር ሲሆን ደግሞ ስኳሩን ከልክ በታች እንዳያወርደው መለካት ያስፈልጋል።

ዓይን ውስጥ ማር፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የጡት ወተት ለማንም አይደረግ፤ ሌንሱ ከዓይኑ ግድግዳ በስተጀርባ ስለሆነ አይደርሱትም፣ የሚያተርፉት ቁስልና ኢንፌክሽን ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ) ጠብታም ከዚህ አይሻልም፦ ቅላቱን ለጊዜው ያጠፋና፣ ሲደጋገም ራሱ ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። በቤታችሁ የተቀመጠ ካለ ስሙን አይታችሁ ሐኪሙ ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእሱ ጋር የሁለቱንም የስኳር መመዝገቢያ፣ የኤዋንሲውን ውጤት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉና የወንድምዎን የኢንሱሊን ብልቃጥ ራሱን ያዙ።